የሽብር ፍርሃት እና የሰሚው ጆሮ



የዛሬው ነገራችን መነሻ አቃቂ ቃሊቲ ነው። የቃሊቲ ማረሚያ ቤት በስምንት ዞኖች የተከፈለ ነበር። እስረኞቹ ከግንቡ ውጭ ያለውን አገር ሁሉ «ዘጠነኛው ዞን» ይሉት ነበር። ጥቂት ወጣት ጦማርያን በ2004 ዓ.ም. ይህንኑ ስያሜ መጠሪያቸው አደረጉት። ስላቁ መራራ ቢሆንም አንድ እውነት ይዟል፤ ፍርሃት የሚያስረው በግንብ ውስጥ ያለውን ብቻ አይደለም።

ስጋቱ ከንቱ ነበር ማለት አይቻልም። በሰኔ 1987 አዲስ አበባ ላይ በግብፁ ፕሬዚዳንት ሆስኒ ሙባረክ ላይ የግድያ ሙከራ ተደርጓል። በሚያዝያ 1999 በሶማሌ ክልል፣ አቦሌ በተባለው የነዳጅ ፍለጋ ጣቢያ፣ ከ70 በላይ ሰዎች ተገድለዋል። ስለዚህ ልንጠይቅ የሚገባን፣ ይህ ፍርሃት ምን ዓይነት ሕግና ምን ዓይነት ልማድ ወለደ? የሚለውን ነው።

የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652/2001 አንቀጽ 6፣ በሕዝቡ ወይም በከፊሉ ዘንድ ሽብርን እንደሚያበረታታ ሊቆጠር የሚችልን ጽሑፍ ያሳተመን ሰው ከ10 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣ ነበር። ልብ እንበል፤ የጥፋቱ ሚዛን ከጸሐፊው ሐሳብ ወደ ሰሚው ግምት ተዛወረ። የፈራ ሰሚ ደግሞ ጥያቄንም እንደ ዛቻ ይሰማል። በዚሁ አዋጅ ጋዜጠኛ እስክንድር ነጋ በ2004 የ18 ዓመት እስራት ተፈረደበት። በሚያዝያ 2006 ስድስት የዞን ዘጠኝ ጦማርያን ከሦስት ጋዜጠኞች ጋር ታሰሩ። ከፊሎቹ ክሳቸው ተቋርጦ ተፈቱ፤ የቀሩትንም ፍርድ ቤቱ በጥቅምት 2008 ከሽብር ክስ ነፃ አላቸው።

አዋጁ በ2012 በአዋጅ ቁጥር 1176 ተተካ። የመጠርጠር ልማዱ ግን አብሮ አልተሻረም። በሚያዝያ 2013 የተወካዮች ምክር ቤት ሕወሓትንና ሸኔን በሽብርተኝነት ፈረጀ። ፍረጃው የድርጅት ነበር። በጥቅምት 2014 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ ግን፣ በአዲስ አበባ የሚካሄደው እስር ብሔርን መሠረት ያደረገ እንደሚመስል የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ስጋቱን ገለጸ። «ምን አደረገ?» የሚለው ጥያቄ «የማን ወገን ነው?» በሚለው ተተካ። ጭፍን ጥላቻ የሚጀምረውም በዚህ ቅጽበት ነው።

ምክር ቤቱ በመጋቢት 2015 የሕወሓትን ፍረጃ አነሣ። ድምፅ ተሰጥቶ ፍረጃ ይሻራል፤ በጎረቤቱ ጥቆማ የታሰረ ሰው ያጣው አመኔታ ግን በድምፅ ብልጫ አይመለስም። የታሪክ ተማሪ ድርሻ፣ ፍርሃት በበረታበት ሰዓትም ቢሆን፣ የመጀመሪያውን ጥያቄ አለመተው ነው፤ ይህ ሰው ምን አደረገ?