የኮምፒውተር ኔትወርክ የሙያ ማረጋገጫ ፈተናዎችና የዝግጅት ሥርዓታቸው

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሥራ ከመዝገብና ከፋይል ወደ ኮምፒውተር እየተሸጋገረ በመጣ ቁጥር የኔትወርክ ባለሙያ ብቃት የአገልግሎት አሰጣጥ ጉዳይ ሆኗል። በአንድ ጽሕፈት ቤት የኔትወርክ መስመር ሲቋረጥ ክፍያ አይፈጸምም፣ ሪፖርት አይተላለፍም፣ ባለጉዳይም ያለ መፍትሔ ይመለሳል። በመሆኑም ባለሙያው የያዘው ምስክር ወረቀት እውነተኛ ችሎታን የሚያመለክት መሆን አለመሆኑ ተቋሙንም ተገልጋዩንም የሚመለከት ነው።

በኢትዮጵያ የፌዴራል፣ የክልልና የወረዳ መሥሪያ ቤቶችን እርስ በርስ ለማገናኘት የወረዳኔት ፕሮጀክት እ.ኤ.አ በ2000ዎቹ የመጀመሪያ ዓመታት መጀመሩ ይታወሳል። የቪዲዮ ስብሰባን ጨምሮ ልዩ ልዩ አገልግሎቶች ወደ ወረዳ ሲወርዱ መሣሪያዎቹን በቅርብ የሚከታተልና ብልሽትን ለይቶ የሚያውቅ ባለሙያ አስፈላጊነትም አብሮ ጨምሯል። ዓለም አቀፍ የሙያ ማረጋገጫ ፈተናዎች ትኩረት ከሳቡባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው።

የፈተናዎቹ ምንነት

በዘርፉ በስፋት ከሚታወቁት መካከል ሲስኮ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሚሰጠው ሲ.ሲ.ኤን.ኤ ተጠቃሽ ነው። እ.ኤ.አ በ1984 የተቋቋመው ሲስኮ በ1993 ከፍተኛውን የባለሙያ ደረጃ ማረጋገጫ፣ በ1998 ደግሞ ለጀማሪና ለመካከለኛ ባለሙያዎች የሚሆነውን ሲ.ሲ.ኤን.ኤ አስጀምሯል። ለትምህርት ተቋማት የተዘጋጀው የሲስኮ ኔትወርኪንግ አካዳሚ መርሐ ግብርም በ1997 ተጀምሯል።

እ.ኤ.አ በየካቲት 2020 በልዩ ልዩ ዘርፎች ተከፋፍሎ ይሰጥ የነበረው የሲ.ሲ.ኤን.ኤ ፈተና በመለያ ቁጥሩ 200-301 ወደሚታወቅ አንድ ፈተና ተጠቃሏል። በነሐሴ 2024 በወጣው ስሪት 1.1 መሠረት የፈተናው ጊዜ 120 ደቂቃ ሲሆን፣ ይዘቱ በስድስት ክፍሎች ይመደባል። የኔትወርክ መሠረታዊ እውቀት 20 በመቶ፣ የኔትወርክ ተደራሽነት 20 በመቶ፣ የአይ ፒ ግንኙነት 25 በመቶ፣ የአይ ፒ አገልግሎቶች 10 በመቶ፣ የደኅንነት መሠረታውያን 15 በመቶ፣ አውቶሜሽንና ፕሮግራሚንግ 10 በመቶ ድርሻ አላቸው።

ሁለተኛው ኮምፕቲያ የተባለው ድርጅት የሚሰጠው ኔትወርክ ፕላስ ሲሆን፣ በአንድ ኩባንያ ምርት ላይ ያልተመሠረተ መሆኑ ይለየዋል። እ.ኤ.አ በሰኔ 2024 በወጣው ስሪት በ90 ደቂቃ ውስጥ እስከ 90 የሚደርሱ ጥያቄዎች ይቀርባሉ። ማለፊያው ከ100 እስከ 900 በተዘረጋ መለኪያ 720 ነጥብ ነው። ሁለቱም ማረጋገጫዎች የሚያገለግሉት ለሦስት ዓመት ሲሆን፣ ከዚያ በፊት በፈተና ወይም በተከታታይ ትምህርት መታደስ ይኖርባቸዋል።

የሲስኮ ራውተርና ስዊች በብዛት የሚጠቀም መሥሪያ ቤት ባልደረባ ሲ.ሲ.ኤን.ኤን ቢያስቀድም የሚማረውን በሥራው ላይ ያገኘዋል። የልዩ ልዩ አምራቾች መሣሪያዎች ባሉበት ተቋም የሚሠራ ጀማሪ ደግሞ ከኔትወርክ ፕላስ ቢነሳ ጠቅላላ መሠረት ይይዛል።

የዝግጅት ቅደም ተከተል

የመጀመሪያው ተግባር የፈተና ሰጪውን ይፋዊ የርዕስ ዝርዝር ማግኘትና ለእያንዳንዱ ርዕስ የራስን ደረጃ መመዘን ነው። ጊዜም በክፍሎቹ ድርሻ ልክ መደልደል ይኖርበታል። ከመቶ 25 ለሚይዘው የአይ ፒ ግንኙነት ሊውል የሚገባውን ጊዜ ከመቶ 10 ለሚይዘው ክፍል ማዋል የተለመደ ስሕተት ነው።

ሙሉ ቀን በሥራ ላይ ለሚውል ሠራተኛ ሳይቋረጥ የሚሄድ አጭር ጥናት ከአልፎ አልፎ ረጅም ጥናት ይመረጣል። ለምሳሌ በአምስቱ የሥራ ቀናት ማለዳ ከ12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ንባብ፣ ቅዳሜ ደግሞ ሦስት ሰዓት የተግባር ልምምድ ቢያዝ በሳምንት 8፣ በ24 ሳምንት 192 ሰዓት ይሆናል።

ፈተናው በአማርኛ ስለማይሰጥ የእንግሊዝኛ ጥያቄ አነባበብም የዝግጅቱ አካል ነው። ጽንሰ ሐሳቡን በአማርኛ ለሥራ ባልደረባ ማስረዳት የመረዳት መለኪያ ሲሆን፣ ጥያቄዎችን በእንግሊዝኛ በሰዓት ገደብ መለማመድ ደግሞ ፍጥነትን ያዳብራል።

የአድራሻ ክፍፍል ስሌት

ብዙ ተፈታኞችን የሚያስቸግረው ሰብኔቲንግ የሚባለው የአድራሻ ክፍፍል ነው። አንድ መሥሪያ ቤት 192.168.10.0/24 የሆነ የአድራሻ ክልል አለው እንበል። ይህንንም እያንዳንዳቸው እስከ 50 ኮምፒውተር ላሏቸው አራት ዳይሬክቶሬቶች ማከፋፈል ይፈልጋል።

በ5 ቢት 32 አድራሻ ይገኛል። ከዚህም አንዱ ለኔትወርኩ መጠሪያ፣ አንዱ ለሁሉም ለሚሰራጭ መልእክት ስለሚያዝ ለመሣሪያ የሚቀረው 30 ብቻ በመሆኑ አይበቃም። በ6 ቢት ግን 64 አድራሻ ይገኛል፤ ሁለቱ ተቀንሰው 62 ይቀራሉ። የአይ ፒ ስሪት 4 አድራሻ 32 ቢት ስለሆነ ከዚህ 6 ሲቀነስ 26 ይሆናል። ስለዚህ ክፍፍሉ /26፣ ማስኩም 255.255.255.192 ነው ማለት ነው። አራቱ ክፍሎች በ0፣ በ64፣ በ128 እና በ192 ይጀምራሉ።

በዚህ መሠረት 192.168.10.77 የሁለተኛው ክፍል አድራሻ ነው። በዚያ ክፍል ለመሣሪያ የሚሰጡት አድራሻዎች በ65 ጀምረው በ126 ያበቃሉ። በዚህ ክፍል ለተተከለ ፕሪንተር በስሕተት 192.168.10.130 ቢሰጠው ገመዱ ደኅና ሆኖ ሳለ ኮምፒውተሮቹ አያገኙትም፤ አድራሻው የሦስተኛው ክፍል ነውና። ስሌቱን ያለ ማሽን በፍጥነት እስኪሠሩት ድረስ በየቀኑ መለማመድ ለፈተናም ለሥራም ይጠቅማል።

የተግባር ልምምድ

መሣሪያ መግዛት ለማይችሉ ሰዎች በሲስኮ ኔትወርኪንግ አካዳሚ በነፃ የሚገኘው ፓኬት ትሬሰር የተባለ ፕሮግራም በኮምፒውተር ላይ ራውተርና ስዊች አስመስሎ ያቀርባል። ተማሪው ቪላን መክፈልን፣ በኦ.ኤስ.ፒ.ኤፍ መንገድ ማስያዝን፣ የዲ.ኤች.ሲ.ፒ አገልግሎት መስጠትንና የመግቢያ ቁጥጥር ማበጀትን ሊለማመድበት ይችላል።

ከመገንባት ባሻገር የሠራውን ሆን ብሎ አበላሽቶ መጠገን ከሁሉም የበለጠ ያስተምራል። የብልሽት ፍለጋ ሥርዓት አለው። በቅድሚያ የኤሌክትሪክ ኃይልና ገመድ፣ ቀጥሎ የኮምፒውተሩ የአይ ፒ አድራሻ፣ ከዚያም በፒንግ ትእዛዝ ወደ ራውተሩ መድረስ መቻሉ ይታያል። ራውተሩ መልስ ከሰጠ ከመሥሪያ ቤቱ ውጪ ያለ አድራሻ ይሞከራል። የውጪው አድራሻ በቁጥር ተገኝቶ በስም የማይገኝ ከሆነ ጥርጣሬው ስምን ወደ ቁጥር በሚለውጠው የዲ.ኤን.ኤስ አገልግሎት ላይ ያርፋል። ይህን ቅደም ተከተል የለመደ ባለሙያ መስመር በተቋረጠ ማለዳ መሣሪያዎችን በግምት እያጠፋ አያበራም።

ስለ ሾለኩ ጥያቄዎች

የፈተና ጥያቄዎችና መልሶች ናቸው የተባሉ ስብስቦች በሽያጭም ሆነ በቅብብሎሽ ይሰራጫሉ። ተፈታኝ የፈተናውን ይዘት በምስጢር ለመጠበቅ ስምምነት ስለሚገባ ይህ የደንብ ጥሰት ነው፤ ማረጋገጫን እስከ ማሰረዝና ከቀጣይ ፈተና እስከ ማሳገድ ያደርሳል። ከቅጣቱ በላይ ግን የሚከብደው መልስ በቃሉ ይዞ ያለፈ ሰው በሥራ ላይ ባዶ እጁን መቅረቱ ነው። ራውተር አማራጭ መልሶችን አያቀርብም።

ምዝገባና የፈተና ዕለት

ሁለቱም ፈተናዎች የሚሰጡት በፒርሰን ቪዩ አማካይነት ነው። የአመዝጋቢው ስም ከመታወቂያው ጋር መመሳሰል ስላለበት፣ የኢትዮጵያውያን ስም በላቲን ፊደል በልዩ ልዩ መንገድ ስለሚጻፍ፣ በመታወቂያው ላይ የሰፈረውን አጻጻፍ ሳይለውጡ መመዝገብ ያስፈልጋል። ቀጠሮው በአውሮፓውያን የቀንና የሰዓት አቆጣጠር ስለሚሰጥ 9፡00 የሚለው ከጠዋቱ 3 ሰዓት መሆኑን ማስተዋል ይገባል። እንግሊዝኛ አፍ መፍቻ ቋንቋቸው ላልሆነ ተፈታኞች ተጨማሪ ጊዜ ይፈቀድ እንደሆነም ከምዝገባ በፊት መጠየቅ ይጠቅማል።

በሲስኮ ፈተና ወደ ታለፈ ጥያቄ መመለስ አይቻልም። የወደቀ ተፈታኝም እንደገና ለመቀመጥ አምስት ቀን መጠበቅና ክፍያውን በድጋሚ መፈጸም ይኖርበታል።

የመሥሪያ ቤቶች ድርሻ

የሲ.ሲ.ኤን.ኤ ፈተና ክፍያ እ.ኤ.አ በ2020 አዲሱ ፈተና ሲጀመር 300 የአሜሪካ ዶላር ነበር። በሐምሌ 2024 የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በዶላር የሚፈጸም ክፍያ በብር ሲሰላ በደመወዝተኛው ላይ የሚያሳድረው ጫና ከብዷል። ክፍያውን ለመሸፈን የሚያስብ መሥሪያ ቤት ገንዘቡን ከማውጣቱ አስቀድሞ በውስጥ የሙከራ ፈተናና በተግባር ምዘና የሠራተኛውን ዝግጁነት ቢያረጋግጥ ከድርብ ወጪ ይድናል።

በቅጥርና በደረጃ እድገት ወቅትም የምስክር ወረቀቱን ትክክለኛነት በሰጪው ድርጅት የማረጋገጫ ገጽ ማጣራት ይቻላል። ከዚህ ጋር አመልካቹ አንድ የተበላሸ ኔትወርክ በፊት ለፊት እንዲያስተካክል ማድረግ ወረቀቱ የማይናገረውን ይገልጣል። ሠራተኛው በየሳምንቱ ለልምምድ የተወሰነ ሰዓትና ከሥራ የወጡ አሮጌ ስዊቾችን ቢያገኝ ደግሞ መሥሪያ ቤቱ መስመሩ በተቋረጠ ጊዜ የሚደርስለትን ባለሙያ በራሱ ቤት ያፈራል።