ከደበሎ እስከ ደንብ ልብስ፤ የተማሪ ልብስ አጭር ታሪክ

በኦሪት ሕግ ኢዮቤልዩ የተባለው 50ኛው ዓመት የደስታ ዓመት ብቻ አልነበረም። ቀንደ መለከቱ የሚነፋው፣ በድህነት ምክንያት ርስቱን የሸጠ ሰው ወደ ርስቱ እንዲመለስ፣ ራሱን ለባርነት የሸጠውም ነፃ ወጥቶ ወደ ቤተ ሰቡ እንዲገባ ነበር። ስለዚህ አንድ ደብር ኢዮቤልዩውን ሲያከብር፣ ስለ ሕንፃው ስፋትና ስለ ጉልላቱ ውበት ከማውሳት ጋራ፣ በቅጥሩ ዙሪያ የሚኖሩትን ድኾች ማሰብ የተገባ ነው። ከእነዚህም መካከል አፍ አውጥቶ መለመን የማይችል አንድ ድኻ አለ፤ እርሱም ልብስ በማጣት ከትምህርት ቤት ደጅ የሚመለስ ልጅ ነው።

የተማሪ ልብስ ነገር ለብዙ ሰው ትንሽ ነገር ይመስለዋል። ነገር ግን ታሪኩን ከሥሩ ለተመለከተ ሰው፣ ልብስ የትምህርትን ደጅ የሚከፍት ወይም የሚዘጋ ቍልፍ ሆኖ መኖሩ ይገለጥለታል።

ስለ ደበሎ

በኢትዮጵያ ዘመናዊው ትምህርት ከመምጣቱ በፊት ለብዙ መቶ ዓመታት ትምህርት ቤት የነበረው ቤተ ክርስቲያን ነው። ሕፃኑ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ወይም በዛፍ ጥላ ሥር ከመምህሩ ፊት ተቀምጦ ፊደል ይቈጥራል፤ ከዚያም አቡጊዳውን፣ መልእክተ ዮሐንስን፣ በኋላም ዳዊትን ያነባል። ከዚህ በላይ መማር የሚወድ ግን አባቱንና እናቱን ትቶ፣ ብዙውን ጊዜም ሳይሰናበት ጠፍቶ፣ ወደ ሩቅ አገር ይሄዳል፤ በዚያም ወደ ዜማ ቤት፣ ወደ ቅኔ ቤት፣ ወደ መጻሕፍት ቤት ይገባል።

የዚህ ተማሪ ልብሱ ደበሎ ነበር። ደበሎ የበግ ለምድ ነው፤ ከትከሻ ላይ ተጥሎ ደረትንና ጀርባን ይሸፍናል፤ ቀን ልብስ፣ ሌሊት መኝታ ይሆናል። ተማሪው ይህን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ውሻ የሚከላከልበትን በትር በእጁ ይዞ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከደጅ ደጅ ይዞራል፤ የተሰጠውንም ቍራሽ ይዞ ወደ ጎጆው ይመለሳል። የቈሎ ተማሪ የተባለውም ስለዚሁ ኑሮው ነው።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ ልብ ሊባል የሚገባው ትልቅ ጥበብ አለ። ባለጠጋ አባት ያለውም ሆነ ምንም የሌለው፣ ሁለቱም በአንድ ጎጆ ያድራሉ፤ ሁለቱም ደበሎ ይለብሳሉ፤ ሁለቱም ይለምናሉ። ደበሎው ከመንደሩ በግ የሚገኝ ስለ ሆነ ዋጋው ማንንም ከትምህርት አይከለክልም፤ ለብሶት የሚሄደውንም ማንም አያፍርበትም። በመምህሩ ፊት አንዱ ከሌላው የሚለየው በቅኔው እንጂ በልብሱ አልነበረም። እንግዲህ ማንም በዚህ ስም ባይጠራው፣ ደበሎ የኢትዮጵያ የመጀመሪያው የተማሪ ደንብ ልብስ ነበር ቢባል ስሕተት አይሆንም። የጐደለው ነገር ቢኖር፣ ሴቶች ልጆች ከጥቂቶች በቀር ከዚህ ማዕድ ሳይካፈሉ መቅረታቸው ነው።

ስለ አዲሱ ትምህርት ቤት

በዳግማዊ ዓፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፣ በ1900 ዓ.ም. ግድም፣ በስማቸው የተጠራው ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ተከፈተ፤ መምህራኑም ከግብጽ የመጡ ቅብጦች ነበሩ። በ1917 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን በስማቸው የሚጠራውን ትምህርት ቤት ከፈቱ። በ1924 ዓ.ም. ደግሞ የእቴጌ መነን የሴቶች ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ በዚህም ከላይ የተነገረው ጕድለት መሞላት ጀመረ።

በጣሊያን ወረራ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘግተውና ብዙ የተማሩ ወጣቶች ተገድለው ስለ ነበር፣ ከ1933 ዓ.ም. ድል በኋላ ሥራው እንደ ገና ከመጀመሪያው ተጀመረ። በዚያን ጊዜ መንግሥት ልጆችን ወደ ትምህርት ለመሳብ፣ ለአዳሪ ተማሪዎች ምግብና ልብስ ይሰጥ ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በገና በዓል ልጆችን እየሰበሰቡ ሹራብና የሚበላ ነገር ያድሉ ነበር፤ ያንንም ሹራብ የተቀበሉ ልጆች እስከ ሽምግልናቸው ድረስ ሲያነሡት ይሰማል። ነገር ግን ትምህርት ቤቱ በየአውራጃው ሲበዛ፣ ተማሪውንም ሁሉ ማልበስ ከግምጃ ቤቱ ዐቅም በላይ ሲሆን፣ ልብሱ የወላጅ ዕዳ ሆኖ ቀረ።

እዚህ ላይ፣ አሁን ደንብ ልብስ ወይም ዩኒፎርም የሚባለው ነገር በሌላው ዓለም እንዴት እንደ ጀመረ ማየት ይጠቅማል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1552፣ በንጉሥ ኤድዋርድ 6ኛ ዘመን፣ በለንደን ከተማ ክራይስትስ ሆስፒታል የተባለ ቤት ተቋቋመ። ስሙ ሆስፒታል ይባል እንጂ ወላጅ የሌላቸውና የተቸገሩ ልጆች የሚያድጉበትና የሚማሩበት ቤት ነበር። ለልጆቹም ሁሉ አንድ ዓይነት ረጅም ሰማያዊ ካባ ተሰጣቸው፤ ይህም ቀለም የተመረጠው በዚያን ጊዜ ርካሽ ስለ ነበረ ነው ይባላል። የዚያ ትምህርት ቤት ልጆች ይህን ካባ እስከ ዛሬ ይለብሳሉ። ከዚህ የሚገኘው ቁም ነገር ይህ ነው፤ ዛሬ ድኻውን ከደጅ የሚመልሰው ልብስ፣ በመነሻው ለድኻ ልጅ የተሰጠ የምጽዋት ልብስ ነበረ።

ስለ ጂንካና ስለ ደቡብ ኦሞ

ጂንካ በአሪ ሕዝብ አገር፣ ደጋው ወደ ኦሞ ቈላ መውረድ በሚጀምርበት ሥፍራ የተቈረቈረች ከተማ ናት። አስቀድሞ የሹማምንት መቀመጫ ባኮ ነበረች፤ በኋላ ግን ጂንካ በጋሙ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ውስጥ የገለብና ሐመር ባኮ አውራጃ ዋና ከተማ ሆነች። በገበያዋ ቀን አሪው፣ በናው፣ ማሌው፣ ሐመሩና ሙርሲው ይገናኛሉ፤ እያንዳንዱም በልብሱና በጌጡ ይታወቃል።

የዚህ አገር የትምህርት ታሪክ ሲነገር እውነቱን መሸሸግ አይገባም። በዓፄ ምኒልክ ዘመን የመንግሥት ጦር ወደ አገሩ ከገባ በኋላ፣ የአሪ ገበሬ ገባር ተብሎ ለሠፈረው ወታደርና ለሹሙ እንዲያርስ፣ እንዲፈጭ፣ እንዲሸከም ተገዶ ነበር። በእንዲህ ያለ ኑሮ የገባሩ ልጅ ጕልበት ለሥራ ይፈለግ ነበር እንጂ ለፊደል የሚተርፍ ጊዜ አልነበረውም። ስለዚህ ሌላው ሁሉ በፊደል ቀድሞት ሲሄድ፣ እርሱ ወደ ኋላ የቀረው ከስንፍና የተነሣ አልነበረም። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ የጭሰኝነት ሥርዓት ፈረሰ፤ በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ፤ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ደግሞ ሕፃናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ፈቀደ፤ እስከ 10ኛ ክፍልም ትምህርቱ ያለ ክፍያ እንዲሆን አደረገ።

የትምህርቱ ክፍያ ቢነሣም ግን የልብሱ ዋጋ በወላጅ ትከሻ ላይ እንዳለ ቀረ። ትምህርት በነፃ ነው ተብሎ የታወጀለት ልጅ፣ ደንብ ልብስ አልለበስህም ተብሎ ከተመለሰ፣ ነፃነቱ በወረቀት ብቻ ሆነ ማለት ነው። አንድ ልብስ ብቻ ያለው ልጅ ማታ ያጥበዋል፤ በጂንካ ዝናብ በበልግም በመኸርም ስለሚጥል፣ ጧት እርጥቡን ለብሶ ይሄዳል ወይም እስኪደርቅ ከትምህርት ይቀራል። ለአቅመ ሔዋን የደረሰችው ልጅ ደግሞ ልብሷ ሲያጥርና ሲቀደድ፣ ማንም ሳይከለክላት እፍረቱ ራሱ ይከለክላታል።

በቈላው ያለው ችግር ከዚህ የጠነከረ ነው። ከብት አርቢ ወላጅ ልጁን ወደ ትምህርት ቤት ሲልክ እረኛውን ያጣል፤ በዚህ ላይ ልብስ ግዛ ሲባል ፍየል መሸጥ አለበት። የከብት ሀብት ደግሞ ባንድ ሌሊት ሊጠፋ ይችላል። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. የኦሞ ወንዝ ሞልቶ በዳሰነች አገር ከ300 በላይ ሰዎችና በሺህ የሚቈጠሩ ከብቶች አለቁ። እንዲህ ያለ መከራ በደረሰበት ቤት ስለ ደንብ ልብስ ማን ሊያስብ ይችላል?

ሌላም ሊታሰብ የሚገባው ነገር አለ። የሐመር ሴት ልጅ የምትለብሰው የፍየል ቆዳ በጨሌና በዛጎል የተጌጠ፣ ብዙ ቀን የተደከመበት የእጅ ሥራ ነው። ይህ የክብር ልብስ ነው እንጂ የድህነት ምልክት አይደለም። ልጅቱ ሸሚዝና ጕርድ ለብሳ ወደ ትምህርት ቤት ስትገባ፣ የእናቷን ልብስ እንድትንቅ የሚያደርግ ቃል ከመምህርም ሆነ ከጓደኛ ሊነገራት አይገባም። የበግ ለምድ ለብሰው ሊቃውንት የሆኑትን አባቶች የሚያከብር ሰው፣ የፍየል ቆዳ የለበሰችውን ልጅ ሊንቃት አይችልም።

ልብስ የማልበስ ፍሬ

ለተቸገረ ተማሪ ልብስ መስጠት በእርግጥ ይጠቅማልን? ይህ ጥያቄ በጎረቤት አገር በኬንያ ተመርምሯል። በአንድ የበጎ አድራጎት ሥራ፣ ለተቸገሩ ልጆች ሁሉ የሚበቃ ልብስ ስላልነበረ፣ ደንብ ልብሱ በዕጣ ተሰጠ፤ የተቀበሉትና ያልተቀበሉት ልጆችም ተነጻጸሩ። ልብስ ከተሰጣቸው ዘንድ ከትምህርት መቅረት በ37 በመቶ ቀነሰ፤ አስቀድሞ ምንም ደንብ ልብስ ካልነበራቸው ዘንድ ደግሞ በ55 በመቶ ቀነሰ። ስለዚህ ልጁን ከቤት ያስቀረው ብዙ ጊዜ የልብስ እጦት እንጂ የትምህርት ጥላቻ እንዳልነበረ ታወቀ።

ነገር ግን ያው ምርመራ ከ8 ዓመት በኋላ ሲታይ፣ ልብስ የተቀበሉት ልጆች ከሌሎቹ የበለጠ ክፍል ደርሰው አልተገኙም። ይህም የሚያስደንቅ አይደለም። ልብስ ያልቃል፤ ልጅ ያድጋል፤ ችግር ግን በየዓመቱ ይመለሳል። አንድ ጊዜ አልብሶ መተው፣ መንገደኛን እስከ ወንዙ ሸኝቶ ሳያሻግሩ እንደ መመለስ ነው።

በአገር ውስጥም ትልቅ ምሳሌ ተገኝቷል። በ2012 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለሚማሩ ልጆች ደንብ ልብስና ደብተር በነፃ ሰጠ። የዚህ ሥራ ትልቁ ጥበብ ድኻውን ከባለጠጋው ለይቶ አለመጥራቱ ነው፤ ሁሉም ስለ ተቀበለ ማንም አላፈረም። በደበሎ ዘመን የነበረው እኩልነት በከተማ መካከል ተመልሶ ታየ።

ከታሪኩ የሚገኝ ምክር

ይህ ሁሉ ታሪክ ለአንድ ደብር ካህናትና ምእመናን ሦስት ነገር ያስተምራል። መጀመሪያው፣ ስጦታው በጊዜው ይሁን የሚል ነው። ልብስ በነሐሴ ተለክቶ ለመስከረም ካልደረሰ፣ ልጁ የትምህርቱን መጀመሪያ ካጣ በኋላ የሚመጣ ልብስ ግማሽ ስጦታ ነው። ጨርቁን በጣቃ ገዝቶ በከተማው ልብስ ሰፊዎች ማሰፋት ዋጋውን ያቀላል፤ ለሠራተኛውም እንጀራ ይሆናል። ጫፉ ሰፋ ተደርጎ ከታጠፈ ደግሞ ልጁ ሲያድግ ይለቀቅለታል።

ሁለተኛው፣ ስጦታው በስውር ይሁን የሚል ነው። ልጅን በጉባኤ ፊት አቁሞ ማልበስ፣ ገላውን ሸፍኖ ድህነቱን መግለጥ ነው። ልብሱ በእናቱ ወይም በአሳዳጊው እጅ ከተሰጠ፣ ልጁ እናቱ እንዳለበሰችው ሆኖ ይሄዳል፤ የቤቱም ክብር ይጠበቃል።

ሦስተኛው፣ ስጦታው አይቋረጥ የሚል ነው። ለ100 ልጆች አንድ ዓመት ከማልበስ፣ 10 ልጆችን ትምህርታቸውን እስኪፈጽሙ ማልበስ ይሻላል። አንድ ቤተ ሰብ አንድ ልጅን ቢይዝ፣ አንድ የጽዋ ማኅበር ሁለት ወይም ሦስት ልጆችን ቢይዝ፣ ሥራው ለማንም አይከብድም።

በሐዋርያት ዘመን በኢዮጴ ጣቢታ የምትባል ሴት ነበረች። ስትሞት መበለቶቹ ለቅዱስ ጴጥሮስ እያለቀሱ ያሳዩት፣ በሕይወቷ ሳለች የሰፋችላቸውን ልብስ ነበር። ስለ ሀብቷም ሆነ ስለ ቤቷ የተጻፈ ነገር የለም፤ መታሰቢያዋ ድኾች የለበሱት ልብስ ሆነ። የደብር ኢዮቤልዩም መታሰቢያው በድንጋይ ላይ ብቻ እንዳይቀር፣ ደበሎ ለባሹን ተማሪ ቍራሽ ሳይነፍጉ ያስተማሩት የቀድሞ ሰዎች አብነት ይሆናሉ። እነርሱ የደጃቸውን ተማሪ አኩፋዳ ባይሞሉ ኖሮ፣ ዛሬ በመቅደሱ የሚቀድስ ካህን፣ በማኅሌቱ የሚያሸበሽብ ደብተራ ባልተገኘም ነበር። የዛሬው ተማሪ አኩፋዳ አይዘም፤ ደጅ ቆሞም አይለምንም። ችግሩ ግን ያው ነው፤ የሚያልፈውም በዚያው ደጅ ነው።