ሃይነር ሙለርና «ሐምሌትማሺን»

ስለ ድህረ ዘመናዊ ተውኔት ሲጻፍ ትልሙ መበጣጠሱ፣ የገጸ ባሕርያቱም ማንነት አለመጽናቱ ይጠቀሳል። ለምን እንዲህ ሆነ የሚለው ግን እምብዛም አይጠየቅም። የጀርመናዊው ጸሐፌ ተውኔት የሃይነር ሙለር ሕይወት መልሱን ከሥነ ጽሑፍ ፋሽን ውጭ እንድንፈልግ የሚያስገድድ ይመስለኛል። ሙለር ራሱ በመጠሪያው ይቀልድበት ነበር፤ የሚያውቀው ብቸኛ «ፖስት-ሞደርኒስት» ፖስታ ቤት ይሠራ የነበረው ገጣሚ አውጉስት ሽትራም እንደሆነ ተናግሯል።

ሙለር የተወለደው በ1929 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) በሳክሶኒ፣ ኤፐንዶርፍ ነው። በ1933 ናዚዎች ሶሻል ዴሞክራቱን አባቱን ሊወስዱት ሲመጡ፣ አባትየው በር ላይ ቆሞ ስሙን ቢጠራው ሕፃኑ የተኛ መስሎ ዝም አለ። ሙለር ይህን በኋላ ጽፎታል፤ የቴአትሩ የመጀመሪያ ትዕይንትም አድርጎ ቈጥሮታል። ወላጆቹ በ1951 ወደ ምዕራብ ሲሻገሩ እሱ በምሥራቅ ጀርመን ቀረ። በ1961፣ የበርሊን ግንብ በተሠራ በሳምንታት ውስጥ፣ ስለ መሬት ክፍፍል የጻፈው «ዲ ኡምዚድለሪን» ከመጀመሪያው ትርኢት በኋላ ታገደ፤ ደራሲውም ከደራስያን ማኅበር ተባረረ። ይህ የደረሰው ግን በሥርዓቱ ጠላት ላይ ሳይሆን ሶሻሊዝምን መርጦ በቀረ ሰው ላይ ነው።

«ሐምሌትማሺን» በ1977 የተጻፈ፣ ዘጠኝ ገጽ ያህል ብቻ ያለው፣ ባለ አምስት ክፍል ተውኔት ነው። አንባቢያችን በጸጋዬ ገብረ መድኅን ትርጉም የሚያውቀው ሐምሌት አባቱን ለመበቀል ያመነታል። የሙለሩ ግን ሐምሌትነቱን ራሱን ይጥላል፤ ተዋናዩ ሚናውን አልጫወትም ይላል። የሕዝብ ዐመፅ ሲያስብ ራሱን ከሰልፈኛውም ከፖሊሱም ወገን ያገኘዋል። የደራሲው ፎቶግራፍ ሳይቀር ይቀደዳል። ትልም ግጭትንና መፍትሔን ይሻል፤ በግጭቱ በሁለቱም ወገን የቆመ ሰው መፍትሔውን ከየት ያመጣዋል?

ተውኔቱ በ1979 ፈረንሳይ ውስጥ ተመደረከ፤ በ1986 ሮበርት ዊልሰን ኒውዮርክ ላይ አዘጋጀው። ሙለር ራሱ በምሥራቅ በርሊን፣ በዶይቸስ ቴአትር፣ ከሼክስፒር ሙሉ ሐምሌት ጋር አዋሕዶ ሲያለማምደው ግንቡ ፈረሰ። በመጋቢት 1990 ሲቀርብ ከሰባት ሰዓት በላይ ፈጀ፤ በጥቅምት አገሪቱ ራሷ አልነበረችም።

በ1993 ሙለር ከምሥራቅ ጀርመን የስለላ ድርጅት ሰዎች ጋር ይገናኝ እንደነበር ተገለጠ፤ እሱም መነጋገሩን አልካደም። ታዲያ የተከፋፈለው ድምፅ ሐቀኝነት ነው ወይስ መደበቂያ? በእኔ አስተያየት ሁለቱም ነው። ፎቶግራፉን ማስቀደዱ ኀላፊነቱን አያወርድለትም፤ ነገር ግን ክሱን ከከሳሾቹ 16 ዓመት ቀድሞ በራሱ ላይ ጽፎታል። በዲሴምበር 30 ቀን 1995 በርሊን ውስጥ ሲሞት የብሬክት ቴአትር የነበረውን በርሊነር አንሳምብልን ይመራ ነበር።