ሸረሸረ

«አንደርማይን» የሚለውን የእንግሊዝኛ ግሥ ብዙዎቻችን «አዳከመ» ብለን እንተረጉመዋለን። አይበቃውም። የቃሉ ሥር ከታች መማስ ነው፤ ምሽግ የከበበ ጦር ከግንቡ ሥር ጉድጓድ ቆፍሮ መሠረቱን ባዶ ያስቀረዋል፣ ግንቡም በገዛ ክብደቱ ይናዳል።

የመካነ ሰላም ገበሬ ይህን ለመረዳት ግንብ አያስፈልገውም። ከቦረና ደጋ ወደ ዓባይ በሚወርደው ተዳፋት ላይ የክረምት ጎርፍ የማሳውን ጠርዝ ከሥር ከሥሩ ሲበላው አይቷል። ሰብሉ ላዩ ላይ እንደቆመ ነው፤ አንድ ሌሊት ግን አፈሩ ይደረመሳል። ቃላችንም «ሸረሸረ» ነው፤ ከእንግሊዝኛው የሚያንስበት ነገር የለም።

ሥልጣንም እንዲሁ ይሸረሸራል። ደርግ በሰኔ 1966 ዓ.ም. ሲቋቋም ለዘውዱ ታማኝ ነኝ ይል ነበር። እንዲህ እያለ የንጉሠ ነገሥቱን ባለሥልጣናት ተራ በተራ አሰረ፤ የዘውድ ምክር ቤቱን አፈረሰ። እስከ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ዙፋኑ ላይ ሰው ነበረ፤ ከሥሩ ግን አፈሩ አልቋል። የዚያች ቀን ግሥ «አወረደ» ነው፤ የቀደሙት ወራት ግሥ ግን «ሸረሸረ»።

ጋዜጠኞችና ተርጓሚዎች ሆይ፣ በአደባባይ የተቃወመን ሰው «ሥልጣን ሸረሸረ» አትበሉት። ፊት ለፊት የተናገረ ተቃወመ እንጂ አልሸረሸረም።