ሰምና ወርቅ በዕለት ንግግር



እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1839 ዓ.ም. ኢዘንበርግና ክራፕፍ የተባሉ ሁለት ሚስዮናውያን ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ወደሚገዙት ሸዋ መጥተው በአንኮበር ተቀመጡ። በ1841 ዓ.ም. የኢዘንበርግ የአማርኛ መዝገበ ቃላት በሎንዶን ታተመ። ድካሙ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን አንድ የአንኮበር ሰው «እግዚአብሔር ይመስገን፤ ደኅና ነኝ» ሲል በእውነት ደኅና መሆኑን ለማወቅ መዝገበ ቃላት አይበቃም።

ይህን ነገር አጥብቆ የመረመረው ዶናልድ ሌቪን የተባለ አሜሪካዊ የማኅበራዊ ኑሮ ሊቅ ነው። ከደብረ ብርሃን በስተሰሜን ባለው በመንዝ ተቀምጦ የገበሬውን ኑሮና አነጋገር ካጠና በኋላ፥ በ1965 ዓ.ም. «ሰምና ወርቅ» የተባለውን መጽሐፍ በእንግሊዝኛ አሳተመ።

አንጥረኛ ቅርጹን በሰም ያበጃል፤ ሰሙን በጭቃ ይመርጋል፤ ሰሙ በእሳት ቀልጦ ሲወጣ ወርቁ በስፍራው ይገባል። የቅኔ መምህራን ስሙን የወሰዱት ከዚህ ነው። ሌቪን ግን ሰምና ወርቅ በቅኔ ቤት ብቻ ተወስኖ አልቀረም፤ የዕለት ኑሮ መሣሪያ ሆኗል ይላል። ሰው በርሱ ይሣሣቃል፤ ባላንጣውን ያለ ጠብ ይሰድባል፤ ምሥጢሩን ከጠያቂ ይሰውራል፤ ሹምንም ይነቅፋል።

ይህን የመጨረሻውን በምሳሌ እንመልከት። አንድ ባላገር «የኛማ ዳኛ ምን ይወጣላቸዋል! እንቅልፋቸው እንኳ የጤና ነው» ቢል፥ ሰሙ ምስጋና ነው። ወርቁ ግን ነገሩ ተኝቶበት መክረሙ ነው። ማን ይከሰዋል? ጤና መመኘት ወንጀል አይደለም።

እናንተ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የምትሠሩ አንባብያን፥ ይኸው ጥበብ ከጠረጴዛው ወዲህ ሲሻገር ጠባዩን እንደሚለውጥ ታውቃላችሁ። ባለጉዳዩ «ይታሰብበታል» ተብሎ ይሰናበታል። ሰሙ ተስፋ ነው፤ ወርቁ እንቢታ ነው። ገበሬው ነገሩን የሚሸፍነው ጉልበት ስለሌለው ነው። ጸሐፊው ግን የሚሸፍነው መልስ ላለመስጠት ነው፤ የመንገዱንም ስንቅ የሚከፍለው ያው ገበሬ ነው። እኔ ሁለቱን በአንድ ሚዛን አላስቀምጣቸውም።

ሌቪንም ዘመናዊ ሥራ ግልጽ ቃል ስለሚሻ ይህ ልማድ ከርሱ ጋር እንደሚጋጭ አልሸሸገም። ሆኖም በ1985 ዓ.ም. ባሳተመው ሌላ መጽሐፍ፥ ምዕራባውያን ከአሻሚ ቃል በመሸሻቸው ብዙ ነገር እንደጎደላቸው ጽፏል።

ያገራችን ሽማግሌ ግን እንግዳው ሰላምታውን ጨርሶ፥ የመጣበትንም ጉዳይ ተናግሮ ዝም ሲል፥ ቀስ ብሎ «ሌላስ?» ይለዋል። እውነተኛው ጉዳይ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ከዚህ ጥያቄ በኋላ ነው።