ጉምሩክ ያዘው የተባለው ጓዝ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በመኪና የተጓዘ ሁሉ እንፍራንዝን ያውቃታል። ሐሙሲትን፣ ወረታንና አዲስ ዘመንን አልፎ፣ የዐፄ ሠርፀ ድንግል የጉዛራ ቤተ መንግሥት ያለበትን ኮረብታ እያየ፣ ማርና ጠጅ ፍለጋ ጎራ የሚልባት ከተማ ናት። እኔ የተወለድሁት እዚያ ነው። ታላቅ እህቴም እስከ ዛሬ የምታስተምረው እዚያው ነው። ይህን የምጽፈው በእሷ ፈቃድ ቢሆንም ስሟን አልጠቅስም።

ሥራዬ ባሕር ዳር ውስጥ ከኮምፒዩተርና ከኔትወርክ ጋር የተያያዘ ነው። ለመሥሪያ ቤታችን ሠራተኞች ስለ ይለፍ ቃልና ስለ አጭበርባሪ ኢሜይል ስንት ጊዜ ገለጻ እንደ ሰጠሁ አላስታውስም። ለገዛ እህቴ ግን አንድም ቀን አልነገርኋትም።

ነገሩ የተጀመረው በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፌስቡክ ነው። ጎንደር ተወልዶ ያደገ፣ ካናዳ የሚኖር መሐንዲስ ነኝ ያለ ሰው ጓደኝነት ጠየቃት። ሚስቱ እንደ ሞተችበት ነገራት። እህቴም ባሏን ካጣች ስድስት ዓመት ሆኗታል። ሦስት ወር ሙሉ «እንደምን አደርሽ» ሳይላት የነጋ ቀን አልነበረም። ስለ ልጆቿ ትምህርት ይጠይቃል፣ በዓል ሲመጣ ቀድሞ እንኳን አደረሳችሁ ይላል። በቪዲዮ እንነጋገር ስትለው ግን አንዴ ካሜራው ተበላሽቷል፣ አንዴ የሚሠራበት ቦታ አይፈቅድም።

ጥር ላይ የታሸገ ካርቶን ፎቶግራፍ ላከላት። ላፕቶፕ፣ ስልክ፣ የልጆች ጫማና ከታች በፖስታ የተቀመጠ ዶላር አለበት ተባለ። በሳምንቱ አንዲት ሴት በአገር ውስጥ ስልክ ደውላ «ከጉምሩክ ነው» አለቻት። ለቀረጥ 18,500 ብር በአንድ ግለሰብ ስም በተከፈተ ሂሳብ አስገባች። በሁለተኛው ቀን «ዶላር ስለ ተገኘበት በሕግ ያስጠይቅሻል» ተብላ 42,000 ብር ጨመረች። ይህኛው የዕቁብ ብር ነበር። ለሦስተኛው ክፍያ ብድር ልትጠይቀኝ ስትደውል ነው የሰማሁት።

«እታለም፣ ለመሆኑ የማን ልጅ ነው?» አልኋት።

«አልጠየቅሁትም» አለች።

ለእኔ ሚስት ሲፈለግ እስከ ሰባት ቤት ያስቆጠረችው እሷ ናት። የልጅቷን አያት አገር ድረስ ሰው ልካ አስጠይቃለች። በአገራችን ጋብቻ ሲታሰብ ሽማግሌ ይላካል፣ ዘር ይቆጠራል፣ ጎረቤት ይጠየቃል። ወጣቶች ኋላ ቀር ሲሉት የምሰማው ይህ ልማድ ለካ ማጣሪያም ነበር። አታላዩ ከሁሉ አስቀድሞ ያደረገው ከዚህ ማጣሪያ ማውጣት ነው፤ «ሰው ምቀኛ ነው፣ እስክመጣ በመካከላችን ይቆይ» ብሏታል። በፍቅር ስም ለሚደረግ ማታለል ከፎቶግራፉም ከገንዘብ ጥያቄውም በፊት የሚታየው ምልክት ይህ የምስጢር ጥያቄ ይመስለኛል።

ዘዴው አዲስ አይደለም። የኢሜይል ዘመን ሲጀምር ከወደ ናይጄሪያ የሚመጣውን «ውርስ አለኝ፣ አብረን እናውጣው» የሚል ደብዳቤ የማያስታውስ ያለ አይመስለኝም። በዚያች አገር የወንጀል ሕግ አንቀጽ ቁጥር 419 ተብሎ እስከ መጠራት ደርሷል። የተማሩ አገሮችም አልዳኑም። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2022 ብቻ ወደ 70,000 የሚጠጉ ሰዎች በፍቅር ስም ተታልለናል ብለው እንዳመለከቱና የጠፋውም ገንዘብ 1.3 ቢሊዮን ዶላር እንደ ሆነ አስታውቋል።

ከወዲያኛው ጫፍ ማን ተቀምጦ ይሆን የሚለው ጥያቄ ደግሞ እኛን ይበልጥ ይነካናል። በየካቲት 2017 ዓ.ም. ከምያንማር የማጭበርበሪያ ካምፖች ተለቅቀው ወንዝ ተሻግረው ወደ ታይላንድ ከገቡት 260 ያህል ሰዎች መካከል 138ቱ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ከየትኛውም አገር ዜጋ የሚበልጡት የእኛ ልጆች ናቸው። የኮምፒዩተር ችሎታና እንግሊዝኛ ለሚያውቅ ጥሩ ደመወዝ ያለው ሥራ ታይላንድ አለ እየተባሉ ባንኮክ ያርፋሉ፤ ከዚያ በመኪና ወደ ድንበሩ ተወስደው ወደ ምያዋዲ አካባቢ ይሻገራሉ። የተመለሱት እንደ ተናገሩት ከሆነ ቀን ከሌት በሐሰት ስም የማያውቁትን ሰው በፍቅር እንዲያጠምዱ፣ ከዚያም ክሪፕቶ ወደሚባለው የኢንቨስትመንት ማጭበርበሪያ እንዲመሩት ይገደዳሉ፤ ያልታዘዘ ይደበደባል፣ በኤሌክትሪክ ይነዘራል። ስለዚህ የውጭ አገር ሥራ ማስታወቂያ በቴሌግራም ያየ ወጣት በቤታችሁ ካለ፣ ኤጀንሲው ፈቃድ ያለው መሆኑን ከሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ሳያረጋግጥ ፓስፖርቱን አያውጣ።

ወደ ተግባሩ ልመለስ። እህቴ የላከችልኝን የሰውየውን ፎቶግራፍ ጎግል ላይ በምስል ፍለጋ ሳስገባው፣ ከአምስት ደቂቃ ባልበለጠ ጊዜ በሌላ አገር፣ በሌላ ስም የሚኖር ሰው ሆኖ አገኘሁት። ቲንአይ የሚባለውም ድረ ገጽ ይህንኑ ይሠራል። ፎቶው በፍለጋ አልተገኘም ማለት ግን ሰውየው እውነተኛ ነው ማለት አይደለም። የቪዲዮ ጥሪም ቢሆን እንደ ድሮው ሙሉ ማረጋገጫ መሆኑ ቀርቷል፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2024 መጀመሪያ ሆንግ ኮንግ ውስጥ አንድ የኩባንያ ሠራተኛ በቪዲዮ ስብሰባ ላይ አለቆቹን አየሁ ብሎ 25 ሚሊዮን ዶላር ያህል ልኳል፤ ያያቸው ሁሉ በኮምፒዩተር የተሠሩ ነበሩ። ከዚህ ሁሉ የሚሻለው የቆየው ጥያቄ ነው፦ የማን ልጅ ነህ፣ የት ተማርህ፣ እዚያ የማውቀው ሰው ማን ያውቅሃል? ጎንደር ያደገ ሰው ጎንደር ውስጥ የሚያውቀው አይጠፋም።

ቀረጥ በግለሰብ የባንክ ሂሳብ አይከፈልም። ይህን አንድ ነገር ብታውቅ ኖሮ እህቴ 60,500 ብር ይተርፍላት ነበር። ባንክም ሆነ ቴሌ ደውሎ የምስጢር ቁጥር ወይም በአጭር መልእክት የመጣ ኮድ አይጠይቅም። «በስህተት ብር ልኬብሃለሁ፣ መልስልኝ» ለሚል ሰው ከመመለሳችሁ በፊት ሒሳባችሁን በራሱ በባንኩ መተግበሪያ እዩ፤ መልእክቱ የባንክ መስሎ ከተራ ስልክ ሊላክ ይችላል። ለነጋዴ ወዳጆቼም የምነግራቸው ይህንኑ ነው፤ የደረሰኝ ፎቶግራፍ አይቶ ዕቃ ማስረከብ አይገባም።

ወዳጃችሁ በቴሌግራም «ቸግሮኛል፣ 5,000 ብር አበድረኝ» ካላችሁ ደውሉና ድምፁን ስሙ። መስመሩ ተጠልፎ ሊሆን ይችላል። የራሳችሁን ለመጠበቅ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን የሚለውን ክፈቱ፤ ዲቫይስስ በሚለው ሥር የማታውቁት ስልክ ካለ አስወጡት።

ገንዘቡ ከሄደ በኋላስ? ሰዓታት ናቸው የሚቆጠሩት፤ ብሩ ከሂሳብ ወደ ሂሳብ እየተዛወረ ወጪ ይሆናል። ወዲያውኑ ለባንኩ ማሳወቅ፣ ከዚያ ፖሊስ ጋ ማመልከት ያስፈልጋል። ባንኩ የሌላ ሰው ሂሳብ ላይ ያለን ገንዘብ በእናንተ ቃል ብቻ አንሥቶ አይሰጥምና የፖሊስ ወይም የፍርድ ቤት ደብዳቤ ግድ ነው። እህቴ ከኀፍረት የተነሣ መልእክቶቹን ልታጠፋቸው ስትል ደረስሁባት። ማስረጃው እሱ ነው፤ ስልክ ቁጥሩ፣ የሂሳብ ቁጥሩ፣ ቀኑ፣ ሁሉም ይቀመጥ። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 10 በኮምፒዩተር ተጠቅሞ ሰውን ያታለለ እስከ አምስት ዓመት ጽኑ እስራትና እስከ 50,000 ብር መቀጮ ያስቀጣዋል። የግል ምስልሽን እበትነዋለሁ እያሉ ማስፈራራትም በዚሁ አዋጅ ወንጀል ነው፤ ለእንዲህ ያለው ሰው አንዴ የከፈለ ሁለተኛ መጠየቁ አይቀርም።

ለእህቴ ካመለከተች በኋላ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ «ገንዘብሽን አስመልስልሻለሁ፣ ለማስፈጸሚያ 6,000 ብር ላኪ» የሚል ሰው ደወለላት። ስሟን፣ የላከችውንም መጠን ያውቃል። ይህን ሊያውቅ የሚችለው የበላው ወገን ብቻ ነው። በዚህ ጊዜ ግን ስልኩን ለእኔ አቀበለችኝ።

የሂሳቡ ባለቤት ተገኝቷል። የባንክ ሂሳቡን ለማያውቀው ሰው በ2,000 ብር ያከራየ ተማሪ ነው፤ ተጠያቂው እሱ ሆኖ ቀረ። ከብሩ የተመለሰ የለም፤ ዕቁቡን እህቴ ከደመወዟ ከፍላ ጨረሰች። ባለፈው ወር ያ ፎቶግራፍ በሌላ ስም ፌስቡክ ላይ ወጥቶ አየሁት። አሁን ዱባይ የሚኖር ሐኪም ሆኗል። ሪፖርት አደረግሁና ለእህቴም አሳየኋት። «ኮቱ እንኳ ያው ነው» አለች።