ዕጣ የሌለው እቁብ

ሜሪላንድ ያለችው የአክስቴ ልጅ መኪና ልትገዛ ሄዳ «ክሬዲት የለሽም» ብለው መለሷት። ዕዳ ኖሮባት እንዳይመስላችሁ፤ ተበድራ ስለማታውቅ ነው! እኛ ቤት እኮ ይሄ ያስመሰግናል። ነገሩ ከየት መጣ ብዬ ወደ ኋላ ሄድኩ። (ዘመኑ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

ሄንሪ ፎርድ በ1908 ሞዴል ቲን ሲያወጣ ዋጋዋ 850 ዶላር ገደማ ነበር፤ በ1925 ርካሿ 260 ደረሰች። ለሠራተኛው ግን ይህም በአንዴ የሚወጣ ገንዘብ አልነበረም። ጄኔራል ሞተርስ በ1919 የራሱን አበዳሪ ኩባንያ አቋቋመ፦ ትንሽ ቅድሚያ ክፈል፣ መኪናህን ንዳ፣ ቀሪውን በየወሩ። ፎርድ ደግሞ ዕዳ አይወድም። በ1923 ያመጣው ዘዴ ለእኛ አዲስ አይደለም፤ በየሳምንቱ 5 ዶላር ባንክ ታስቀምጣለህ፣ ዋጋው ሲሞላ መኪናውን ትረከባለህ። እቁብ በሉት፣ ግን ዕጣ የሌለው እቁብ፤ ቀድሞ የሚደርሰው የለም! ማን ይጠብቃል? ብዙው ገዢ ወደ ሸቭሮሌ ዞረ። በ1928 ፎርድም ተሸንፎ አበዳሪ ኩባንያ ከፈተ።

ያኔ ማን እንደሚታመን የሚወስነው ሰው ነበር፤ ፊትና ቀለም እያየ። በ1989 የፋይኮ ነጥብ መጣ። ፊት አያይም፣ እውነት ነው። ግን የሚያየው የብድር ታሪክን ብቻ ነው፤ ታሪክ ከሌለህ ነጥብም የለህ። ያኔ የሚቀርህ ራሱ ሻጩ በከባድ ወለድ የሚያበድርበት ግቢ ነው፤ ክፍያ ካሳለፍክ መኪናውን ይነጥቅሃል።

የአክስቴ ልጅ እዚያ አልገባችም። የሐበሾች እቁብ ሲደርሳት አሮጌ ኮሮላ በጥሬ ገንዘብ ገዛች። ክሬዲቷ ግን ያው ነው፤ በጥሬ የገዛ አይመዘገብለትም።